ጸጋ ብድር አይደለም

ሰው ደግ ሲሠራልን ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ውለታህን የምመልስበት ዕድሜ ይስጠኝ» የሚለው ነው። ጥሩ ምርቃት ነው። ውስጡ ግን ሒሳብ አለበት። የተቀበልኩት አለ፤ የምመልሰው አለ፤ እስክመልስ ድረስ አንገቴን ደፍቼ እቆያለሁ። ጅማ ላይ ሠርግ ወይ ለቅሶ ሲኖር ማን ምን ይዞ እንደመጣ ቤቱ ያውቃል። ደብተር ላይ የሚጽፍ አለ፣ በልቡ የሚይዝ አለ። ነገ እዚያ ሰው ቤት ሲጠራ ከተቀበለው አሳንሶ መሄድ ነውር ነው። ይሄ መጥፎ ባህል አይደለም። ዕድሩንም ጉርብትናውንም አቁሞ የያዘው እሱ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ የለቅሶ ድንኳን ሥር የሚቀመጡትም በዚሁ ነው። ችግር የሚመጣው ይሄንኑ ደብተር ይዘን እግዚአብሔር ዘንድ ስንሄድ ነው።

ደግሞ ሳይታወቀን ነው ይዘን የምንሄደው። ልጁ የታመመበት አባት «ምን በድዬው ነው?» ይላል። ሁዳዴን ሙሉ የጾመች እናት ንግዷ ሲቀዘቅዝባት «ያ ሁሉ ጾም የት ገባ?» ብላ ትከፋለች። አስራቱን ሳያጓድል የሚሰጥ ወጣት ሥራ ሲያጣ ፈጣሪ ውል ያፈረሰበት ይመስለዋል። ከእነሱ ማዶ ደግሞ ብዙ አጥፍቻለሁ ብሎ የሚያምን ሰው አለ። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለመርገጥ ያፍራል። «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፣ ከዚያ እመጣለሁ» ይላል። ዓመት ዓመትን ይተካል፣ ሰውየው አይመጣም። እነዚያኞቹ የሚሰበስቡት ቀርቶባቸው ተቆጥተዋል፤ ይሄኛው ዕዳው ከብዶት ተደብቋል። የያዙት ሒሳብ ግን አንድ ነው።

የክርስትና የጸጋ ትምህርት የሚነካው ይሄንን ሒሳብ ነው። ብዙ ጊዜ ሰምተነው የማይገባንም ለዚህ ይመስለኛል። ቃሉማ አፋችን ላይ ነው። ፕሮቴስታንቱ ጓደኛውን ሲሰናበት «ጸጋ ይብዛልህ» ይላል። ኦርቶዶክሱ «በቸርነቱ አደርን» ብሎ ቀኑን ይጀምራል። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ።

ደመወዝም ብድርም ያልሆነ ነገር

ሐዋርያው ጳውሎስ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለየዋል፦ «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም» (ሮሜ 4፥4)። ወር ሙሉ የሠራ ሰው ደመወዙን ሲቀበል አሠሪው ቸር ሆኖለት አይደለም። ያለበትን ከፈለው። ባይከፍለው ይከሰሳል። ጸጋ ግን ማንም «ይገባኛል» ብሎ ሊጠይቀው የማይችል፣ ሰጪው ከራሱ መልካምነት ብቻ ተነሥቶ የሚሰጠው ነገር ነው። እዚያው መልእክት ላይ 6፥23 ደግሞ «የኃጢአት ደመወዝ ሞት ነውና፤ የእግዚአብሔር የጸጋ ስጦታ ግን በክርስቶስ ኢየሱስ በጌታችን የዘላለም ሕይወት ነው» ይላል። ደመወዝ የተባለው ሞት ነው። ሕይወት ደመወዝ አልተባለም።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ «አሜን» ይላል። ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚከብደው። ጸጋ ደመወዝ አለመሆኑን የተቀበለ ምእመን እንኳ ብዙውን ጊዜ ወደ ብድር ይቀይረዋል። «በነጻ ተሰጥቶኛል፤ እንግዲህ ዕድሜ ልኬን እየከፈልኩ እኖራለሁ» ይላል። ሲያዩት ትሕትና ይመስላል። ግን በነጻ የተሰጠ ነገር በወር በወር የሚከፈል ከሆነ ምኑ ነጻ ነው? ያ በዱቤ የተወሰደ ዕቃ ነው።

መዝሙረኛው ይሄንኑ ጥያቄ ያነሳል። ስላደረገልኝ ሁሉ ለእግዚአብሔር ምን እመልሳለሁ ይላል። የእኛ ሰው ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር፦ በግ፣ ጧፍ፣ ጥላ፣ የሕንፃ ማሠሪያ። መዝሙረኛው ግን የመድኃኒትን ጽዋ እቀበላለሁ ብሎ ይመልሳል። ምን እሰጣለሁ ብሎ ጠይቆ ሲያበቃ መልሱ መቀበል ሆነ! ስእለቱንም ቀጥሎ ይጠቅሳል፣ አልረሳውም። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲያ ነው።

የኤፌሶን መልእክትም ላይ ይሄው ቅደም ተከተል አለ። በምዕራፍ 2 ቁጥር 8 እና 9 ላይ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና» ብሎ ይጀምርና ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ይላል። ይሄንን ብዙዎች በቃላቸው ይወጡታል። እዚያ ላይ የሚያቆሙም ብዙ ናቸው። ቁጥር 10 ግን እግዚአብሔር አስቀድሞ ላዘጋጀው መልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ሥራው አልተሰረዘም፤ ከስጦታው ኋላ ተሰለፈ እንጂ። አንድ እናት ልጇን የምትወደው ስላጠናላት አይደለም። ልጁ ግን መወደዱን ሲያውቅ ያጠናል፣ ባያጠናም ልጇ ነው።

ጸጋ ሌላም ገጽ አለው። ይቅርታና ስጦታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በሰው ውስጥ የሚሠራ ኃይልም ነው። ጳውሎስ ሥጋውን የሚወጋው መውጊያ እንዲነሳለት ሦስት ጊዜ ለመነ። አልተነሳለትም። የመጣለት መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው (2 ቆሮንቶስ 12፥9)። ወደ ቲቶ በተላከው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ደግሞ ጸጋ አስተማሪ ሆኖ ይቀርባል፤ ክፋትንና ዓለማዊ ምኞትን እንድንክድ ያስተምረናል ይላል። ይሄን ገጽ የረሳ ሰው ጸጋን እንደ ምሕረት አዋጅ ያየዋል፤ እስረኛው ከወጣ በኋላ ምንም አይለወጥም። ሁለቱን ገጽ አብሮ የያዘ ግን ጳውሎስ ስለ ራሱ እንደተናገረው ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን አሳዳጅ የነበረው ሰው በ1 ቆሮንቶስ 15፥10 ላይ ከሁሉም ይልቅ እንደደከመ ይናገርና ወዲያው «እኔ አይደለሁም» ይላል፤ ከእርሱ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው የሠራው። ደክሟልም፣ አልሠራምም። እንቆቅልሽ ይመስላል። የጸጋ ትምህርት ሁሉ ግን የሚሽከረከረው በዚህ ዙሪያ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት የመጣው ሠራተኛ

ኢየሱስ ስለ ጸጋ ካስተማራቸው ምሳሌዎች እኔን በጣም የሚያስቸግረኝ በማቴዎስ 20 ላይ ያለው ነው። የወይን አትክልት ባለቤት ሠራተኛ ሊቀጥር በማለዳ ይወጣል። እንደገና በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ መጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። የሌላ አገር አንባቢ ሰዓቱን መቀየር አለበት፤ እኛ ግን እንደተጻፈ እናነበዋለን። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው።

ወይኑን ቡና እናድርገውና ጅማ ዙሪያ ወዳሉት ወደ ጎማ ወይ ወደ ማና ወረዳ እንውሰደው። ጊዜው ኅዳር ነው። ቡናው ቀልቷል። ለቃሚው ቅርጫቱን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ቀይ ቀዩን ይመርጣል። ማታ ሚዛን ላይ ይቆማል። በኪሎ ነው የሚከፈለው። ሁሉም የራሱንም የጎረቤቱንም ኪሎ በዓይኑ ይከታተላል። ዛሬ ግን ባለቤቱ ሚዛኑን ወደ ጎን አደረገና ከኋላ የመጡትን አስቀድሞ ጠራ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደርሶ አንድ ሁለት እፍኝ የለቀመው ሽማግሌ የሙሉ ቀን ክፍያ ተቀበለ። የማለዳዎቹ ይሄን ሲያዩ ልባቸው ሞቀ። «ለእሱ ይሄ ከሆነ ለእኛማ…» ማለት ነው። ተራቸው ሲደርስ ያንኑ ተቀበሉ። ጉምጉምታው የት እንደሚደርስ ጅማ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በማግስቱ ለቃሚ ባይገኝ አይገርምም።

ምሳሌው ውስጥ ያለው ባለቤት አልተደናገጠም። የተስማማነው ይሄን ነበር፣ አልበደልሁህም አለው። ከዚያ «ወይስ እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» ብሎ ጠየቀው። ከማለዳዎቹ አንድ ሳንቲም አልተቆረጠም። የከፋቸው ሌላው በመጨመሩ ነው።

ስለ ኋለኞቹ የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ለምን ሥራ ፈታችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሚቀጥረን ስላጣን ነው አሉ። ሥራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች የሚቆሙበትን ቦታ አስቡት። ጠዋት መኪና ሲመጣ ቀድሞ የሚመረጠው ጠንካራው ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ የሚቀረው ያረጀው፣ የታመመው፣ የሚያነክሰው፣ ማንም የማይፈልገው ነው። በምሳሌው ውስጥ ለእያንዳንዱ የተከፈለው አንድ ዲናር ደግሞ ያን ጊዜ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ ነበር፤ ቤተሰብ የሚያድርበት። ባለቤቱ ያየው ሰውየው የሠራውን ሰዓት ሳይሆን ማታ ቤቱ የሚጠብቁትን ልጆች ይመስለኛል። ይሄ የእኔ ንባብ ነው፤ ጽሑፉ በቀጥታ አይለውም።

እኛ ይሄን ምሳሌ ስንሰማ ራሳችንን ሁልጊዜ የማለዳ ሠራተኛ አድርገን ነው የምናስበው። ለዚህ ነው የሚያናድደን። ጽሑፉ ውስጥ ግን እንደዚያ እንድናስብ የሚያስገድደን ነገር የለም።

ክርክሩ ከየት መጣ

የሰው ጥረትና የእግዚአብሔር ጸጋ እንዴት ይገናኛሉ የሚለው ጥያቄ ጮክ ብሎ የተነሳው በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። ጲላግዮስ የሚባል ከብሪታንያ የመጣ መምህር ሮም ላይ ያስተምር ነበር። ሥነ ምግባር የሚወድ ሰው ነው። ክርስቲያኑ ሲሰንፍ አይቶ ተናደደ። እግዚአብሔር ያዘዘንን መፈጸም ባንችል አያዘንም ነበር፣ ስለዚህ ሰው ከፈለገ በፈቃዱ ኃይል መልካም መሆን ይችላል አለ። በሌላ በኩል የቆመው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ነበር፤ በ354 ተወልዶ በ430 ያረፈው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወጣትነቱን አባክኖ የተመለሰ ሰው ስለሆነ ፈቃድ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያቅተው በራሱ ላይ አይቶታል። ጸሎቱ የምታዘውን ስጠኝ፣ ከዚያ የወደድከውን እዘዝ የሚል ነበር። ጲላግዮስን ያስቆጣውም ይሄው ጸሎት ነው።

በ418 በካርቴጅ የተሰበሰበው ጉባኤ የጲላግዮስን ትምህርት አወገዘ። እዚህ ላይ ብዙ የጅማ ኦርቶዶክስ የማያስተውለው ነገር አለ። በ431 ኤፌሶን ላይ የተደረገው ጉባኤ የቁስጥንጥንያውን ጳጳስ ንስጥሮስን ብቻ አይደለም ያወገዘው። የጲላግዮስ ተከታይ የነበረውን ሴሌስጥዮስንም ከሚከተሉት ጋር አውግዟል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የኒቅያን (325)፣ የቁስጥንጥንያን (381) እና የኤፌሶንን ጉባኤ ትቀበላለች። ስለዚህ «ኦርቶዶክስ ሰው በሥራው ይድናል ትላለች» የሚለው የሰፈር ወሬ መሠረት የለውም። ሰው በራሱ ጉልበት ብቻ ይድናል የሚለው አሳብ ቤተ ክርስቲያኗ በምትቀበለው ጉባኤ ላይ ጭምር ውድቅ ሆኗል።

የምሥራቁ ክርስትና ከዚያ በኋላ የአውግስጢኖስን መንገድ ሁሉ አልተከተለም። ጸጋ ይቀድማል፣ ሰው ደግሞ በነጻ ፈቃዱ «እሺ» ይላል፤ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ ብሎ ያዘ። ትኩረቱም ዕዳ ከመሰረዝ ይልቅ ከመለኮት ሕይወት መካፈል ላይ ነው፤ 2 ጴጥሮስ 1፥4 እንደሚለው። ጸጋው የሚሰጠው ደግሞ በሰባቱ ምሥጢራት ነው፤ በጥምቀት፣ በሜሮን፣ በቁርባን፣ በንስሐ፣ በቀንዲል፣ በተክሊልና በክህነት።

በምዕራቡ ዓለም ነገሩ እንደገና የፈነዳው በ1517 ነው። ማርቲን ሉተር የኃጢአት ስርየት ወረቀት ሽያጭን ተቃወመ። ሰው የሚጸድቀው በጸጋ፣ በእምነት ብቻ ነው አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በትሬንት ጉባኤ በ1547 መልስ ሰጠች። ጸጋ ይቀድማል፤ ሰው ግን ይተባበራል፣ ጽድቁም በውስጡ ያድጋል አለች። ከዚያ ለዘመናት ተወጋገዙ። በጥቅምት 1999 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ጀርመን አውግስቡርግ ላይ፣ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጋራ መግለጫ ፈረሙ። መሠረቱ ላይ እንስማማለን አሉ፦ ተቀባይነት የምናገኘው በእኛ መልካምነት ሳይሆን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ በማመን ነው፤ ያ ጸጋም ለመልካም ሥራ ያስታጥቀናል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ስለዚህ ነገሩ የአውሮፓ ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ በአገራችን ታሪክ ውስጥም «ጸጋ» የሚባል ክርክር ነበረ። በ1878 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጊዜ ቦሩ ሜዳ ላይ የተዘጋው ማለት ነው። ያ ግን ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ስለ ልደቱ የተደረገ ክርክር ነው። ሰው እንዴት ይድናል ከሚለው ጋር አትቀላቅሉት።

ሁለት ጎረቤታሞች ሲከራከሩ

ጅማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ውስጥ እናት ኦርቶዶክስ፣ ልጅ ጴንጤ፣ የአጎት ልጅ ሙስሊም መሆኑ የተለመደ ነው። ቡና ላይ ክርክሩ ይነሳል። ልጅየው፦ «እማዬ፣ ጾሙና ስግደቱ እኮ አያድንሽም፤ ጸጋ ነው።» እናትየው፦ «አይ ልጄ፣ እናንተ ደግሞ ድኛለሁ ብላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጣችሁ።» ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ሁለቱም ያኮርፋሉ።

ሁለቱም የሚመቱት የሌላውን ሰው ድክመት እንጂ ትምህርቱን አይደለም። ጾም በኦርቶዶክስ ትምህርት ክፍያ አይደለም። ሥጋን መግዣ፣ ጸሎትን መደገፊያ ነው። የንስሐ አባት የሚሰጡት ቀኖናም የኃጢአት ዋጋ ተደርጎ የሚቆጠር መቀጫ አይደለም፤ የቆሰለውን ማከሚያ ነው። በየጸሎቱ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ይባላል። አቤቱ ማረን ማለት ነው። ደመወዝ የሚጠይቅ ሰው ማረን አይልም። የስቅለት ዕለት ምእመኑ እየሰገደ የሚያዜመው «ተዘከረነ እግዚኦ በውስተ መንግሥትከ» (አቤቱ በመንግሥትህ አስበን) ደግሞ የፈያታዊ ዘየማን፣ በኢየሱስ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ልመና ነው። አንድ ቀን ጾሞ የማያውቅ፣ ለመጠመቅ እንኳ ጊዜ ያላገኘ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት የመጣ ወንበዴ። ያንን ልመና የራሷ ያደረገች ቤተ ክርስቲያን ጸጋን አታውቅም ማለት ይከብዳል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅስ? ያ ሕፃን ምን ሠርቶ ነው?

ልጅየውም በትክክል ከተረዳው «ድኛለሁ» ማለቱ ፈቃድ አይሆነውም። ጳውሎስ ራሱ ጥያቄውን አስቀድሞ አንስቶታል፦ ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑር? መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም (ሮሜ 6፥1-2)። ያዕቆብም ከሥራ የተለየ እምነት የሞተ ነው ይላል። ናዚዎች በ1945 የሰቀሉት ጀርመናዊ ሉተራን መጋቢ ዲትሪሽ ቦንሆፈር የራሱን ቤተ ክርስቲያን የከሰሰው በዚህ ነው። ንስሐ የሌለበትን ይቅርታ ርካሽ ጸጋ አለው። ለሰጪው ልጁን ያስከፈለ ነገር ለተቀባዩ እንዴት ርካሽ ይሆናል?

ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ጸጋ በምሥጢራት ይሰጣል ወይስ በእምነት ብቻ? የቅዱሳን አማላጅነት ከጸጋ ጋር እንዴት ይሄዳል? የዳነ ሰው ሊወድቅ ይችላል? በዚህኛው ላይማ ፕሮቴስታንቶቹ ራሳቸው አይስማሙም። እነዚህ ቁም ነገር ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ግን እናትና ልጅ ቡና ላይ የሚጣሉት በእነዚህ አይደለም። ሁለቱም በሚያምኑት ነገር ላይ ነው የሚጣሉት።

«ጸጋ ያለው ሰው»

በመንፈስ ቅዱስ የሚሰጡ ልዩ ልዩ ስጦታዎችም ጸጋ ይባላሉ፦ ማስተማር፣ መፈወስ፣ መምራት፣ መርዳት። «እሷ የጸሎት ጸጋ አላት» የምንለው ይሄንን ነው። 1 ጴጥሮስ 4፥10 እያንዳንዱ የተቀበለውን ስጦታ ሌላውን ያገልግልበት ይላል። ስጦታው ለባለቤቱ ክብር አልተሰጠም። ለዚህ ነው ፈውስ በዋጋ፣ ትንቢት በቀጠሮ፣ ዘይትና ውኃ በጠርሙስ ሲሸጥ ነገሩ ከሥሩ የተበላሸው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሲሞን የተባለ ጠንቋይ ሥልጣኑን በገንዘብ ልግዛ ብሎ ገንዘብ አምጥቶ ነበር። ጴጥሮስ ምን እንዳለው ገልጣችሁ አንብቡት፤ ለስላሳ ቃል አይደለም።

ጸጋ የሀብት ማረጋገጫም አይደለም። የቡና ዋጋ ሲወጣ ጸጋ በዛ፣ ሲወርድ ጸጋ ተነሳ ብሎ ማሰብ መልሶ ወደ ደመወዙ መግባት ነው። ኢየሱስ የሰማይ አባት ፀሐዩን ለክፉዎችም ለበጎዎችም እንደሚያወጣ፣ ዝናቡንም ለጻድቃንም ለኃጢአተኞችም እንደሚያዘንብ ተናግሯል።

ይቅርታ ላይ ሲደርስ

ጸጋን የተቀበለ ሰው በምን ይታወቃል? አንዱ ምልክት፣ ለእኔ ዋናው፣ እሱን ያስቀየመውን ሰው እንዴት እንደሚይዝ ነው። በማቴዎስ 18 ያለው አገልጋይ ለጌታው 10,000 መክሊት ዕዳ ነበረበት። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው። ዲናር የአንድ ቀን ክፍያ ከሆነ ዕዳው የ60,000,000 ቀን ሥራ ነው። ሰውየው አንድም ቀን ሳያርፍ ቢሠራ ከ160,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እሱ ግን «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ነው ያለው። ጌታው አዘነለትና ተወለት። ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አገኘና አነቀው።

ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ 100 ዲናሩን ሽርፍራፊ ያደርጉታል። ሽርፍራፊ አይደለም። ከሦስት ወር በላይ ደመወዝ ነው። በውርስ መሬት የተካደ ወንድም፣ አብሮት ቡና ሲነግድ ገንዘቡን የተበላ ሸሪክ ሕመሙን ያውቀዋል። ጸጋ የበደሉን ትልቅነት አይክድም። ከተተወልን ጋር ሲተያይ ግን መጠኑን ያሳየናል።

ይቅር ማለት ደግሞ ራስን ለዳግም ጉዳት ማቅረብ አይደለም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ጸጋ አለሽ፣ ታገሺ፣ ተመለሺ» ብሎ መስደድ በጸጋ ስም የሚደረግ ግፍ ነው። ቂም መተው አንድ ነገር ነው፤ አብሮ መኖር ሌላ። የሰረቀን መክሰስም ከይቅርታ ጋር አይጣላም። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ በዳዩን በደሉን እንዲያምንና እንዲክስ የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዳዩ ራሱ ጸጋ ሲነካው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በሉቃስ 19 ተጽፏል። ዘኬዎስ የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚጠላው ባለጠጋ። ኢየሱስ ዛሬ ቤትህ እውላለሁ አለው። ያኔ ገና ምንም አልመለሰም፣ ንስሐም አልገባም። ሕዝቡ አጉረመረመ። ዘኬዎስ ግን ተነሥቶ ቆመና የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያታለላቸውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስላቸው ተናገረ። ኢየሱስ ክፈል አላለውም ነበር። ገንዘቡም ወደ ኢየሱስ አልሄደም፤ ወደ ድሆቹና ወደ ተበደሉት ሰዎች ነው የሄደው።